ግንቡን እያደሱ ግንበኛውን መስደብ

ባለፈው እትም አንድ ጓደኛችን ስለ ጉዛራ ግንብ ጽፎ ነበር። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ «ይፍረስ» ነው። ርብና ጉማራ በየክረምቱ ሞልተው የፎገራን ገበሬ ከነልጆቹ ከቤቱ እያስወጡት፣ የሞተ ንጉሥ እልፍኝ ለማደስ አንዲት ብር ማውጣት ወንጀል ነው ይላል። ጽሑፉ በወጣ ማግስት ሻይ ቤት ውስጥ ሌላው ወገን ተነሣበት። እነዚህኞቹ ደግሞ ጉዛራ እንደ ጎንደሩ ይታደስ፣ መብራት ይተከልበት፣ ቱሪስት ይጉረፍበት፣ ከወረታ እስከ እንፍራዝ ሆቴል በሆቴል ይሁን ባዮች ናቸው። ክርክሩ ሳምንት ሙሉ ዘለቀ። መኝታ ክፍላችን ድረስ ተከትሎን ገብቶ እንቅልፍ ነሣን።

እኛ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ሁለቱንም አዳመጥን። የምንጽፈው ግን ለማስታረቅ አይደለም። ሽምግልና የሚያስፈልገው የተጣላ ሰው ሲኖር ነው፤ እነዚህ ሁለት ወገኖች እኮ አልተጣሉም! ሁለቱም ግንቡ የንጉሡ ነው ብለው አምነዋል። አንዱ የንጉሡ ስለሆነ ይጠላዋል፣ ሌላው የንጉሡ ስለሆነ ይሳሳለታል። ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ውኃውን በእንስራ ሽቅብ ያመላለሰው ሰው በሁለቱም ክርክር ውስጥ የለም። የእኛ ጠብ ከዚህ ላይ ነው።

(ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋቸዋለን። ወደ ኋላ ላይ የሌላ አገር ታሪክ ስለምናነሣ ጎን ለጎን ለማየት እንዲቀል ነው።)

ጉዛራን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራዝ ሲደርስ ኮረብታ ላይ ቆሞ የሚያየው ግንብ ነው። ባለ ፎቅ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ክብ ግንቦች አሉት፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ጣናና ሜዳው ከእግሩ ሥር ይዘረጋሉ። ብዙውን ጊዜ ከ1563 እስከ 1597 ለነገሠው ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጣል። ፋሲል ጎንደርን የቆረቆረው በ1636 ስለሆነ፣ ይህ ልክ ከሆነ ጉዛራ የጎንደር ታላቅ ወንድም ነው ማለት ነው። የሚጠራጠሩ ሊቃውንትም አሉ። አንዱ መጠራጠሪያቸው ኖራ ነው። ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን እንደ ጻፉት፣ በኖራ መገንባት በአገሩ የተጀመረው በሱስንዮስ ዘመን በ1620ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጉዛራ ደግሞ በኖራ የተገነባ ነው። እንግዲህ ወይ ግንቡ ከሚባልለት ዘመን ወዲህ ነው፤ ወይ ሚሲዮናውያኑ ከእነሱ በፊት የነበረውን ሙያ አላዩትም፤ ወይም አይተው ዝም ብለዋል። እኛ በዚህ ላይ ዳኞች አይደለንም። ግን ልብ በሉ፤ ስለ ግንቡ ዕድሜ የሚጠየቀው ምስክር ንጉሡ ሳይሆን ኖራው ሆኖ ቀረ። የኖራ ታሪክ ደግሞ የሠራተኛ ታሪክ ነው።

«ኧረ ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት» የሚል አይጠፋም፤ ለሱ ብዙ ቀለም አንጨርስም። ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ያባረረው በ1630ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ጎንደርን የቆረቆረው ከዚያ በኋላ ነው። ያባረሩትን ሰው ተመልሰህ ቤት ሥራልኝ ይሉታል? ከህንድም፣ ከአረብ አገርም፣ ከፖርቱጋልም የተቀሰመ ጥበብ እንዳለበት አንክድም። ጥበብ ዟሪ ነው። ድንጋዩን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣው ግን የዚሁ አገር ሰው ነው።

ማን ነበር ይህ ሰው? የጎንደርን ዘመን ያጠኑ ሁሉ የሚጽፉት አንድ ነገር አለ። ከግንበኞቹ፣ ከአናጢዎቹና ከብረት ሠሪዎቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ማለትም እኛ ፈላሻ፣ ካይላ እያልን ስንጠራቸው የኖርን ወገኖቻችን። በልማድ እንደሚነገረው፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን ከዐፄ ይስሐቅ ጀምሮ ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ ተባለባቸው። መሬት የተነፈገ ሰው ምን ይበላል? እጁን ነዋ! ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ሸማ ሠራ፣ ድንጋይ ጠረበ። ያ ጉዛራን ሠራ የሚባለው ሠርፀ ድንግል ራሱ በሰሜን ተራሮች ዘምቶ የወጋው እነሱን ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ነገሥታት ደግሞ የእነዚያኑ ሰዎች እጅ ለግንባቸው ፈለጉት። ቀን ንጉሡ ይፈልጋቸዋል፤ ሲመሽ ጎረቤት ቡዳ ይላቸዋል። ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ተባለ። ግንቡ ሲያልቅ ንጉሡ ገባበት፤ ግንበኛው ወደ መንደሩ ጥግ ተመለሰ። በመጨረሻም አገሩን ለቀቀ። በ1984 በሱዳን በረሃ በእግራቸው አቋርጠው፣ በግንቦት ወር 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ተጭነው ወደ እስራኤል ሄዱ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ስሟ ቀረ። ግንቡም ቀረ። ሙያውን ይዘው የሄዱትን ሽማግሌዎች ያን ቀን ቁጭ ብሎ የጠየቃቸው ማን ነበር?

በጉዛራ ላይ የትኛው እጅ የትኛውን ድንጋይ እንዳስቀመጠ እኛ አላነበብንም። ቤተ እስራኤል ይሁን፣ በግዴታ ሥራ የተነዳ ገባር ይሁን፣ ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ይሁን፣ የአንድም ግንበኛ ስም አላጋጠመንም። ክሳችን ይኸው ነው።

«ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ በገበያ ቀን ወረታ ኑ። ጀበና የምትሸጠውን ሴት ተመልከቱ። ደንበኛዋ ጀበናውን እያገላበጠ ያንኳኳዋል፣ ይከራከራል፣ ገዝቶ ይሄዳል፤ ልጁን ግን ከኋላው ይሸሽጋል። በዚያች ጀበና ቡናውን ይጠጣል፣ ከሠራችው ሴት ጋር ግን ማዕድ አይቀርብም። እኛም እንዲሁ አድገናል፤ ንጹሕ ነን አንልም። አንደኛ ደረጃ ስንማር የቀጥቃጭ ልጅ አብሮን ነበር። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነን ስንጨናነቅ የሱ ዴስክ ብቻ ሰፊ ነበር፤ ማንም አጠገቡ አይቀመጥም። ቆሎ ሲያወጣ የሚዘረጋ እጅ አልነበረም። አስተማሪያችን ያይ ነበር፤ ምንም አላለም። ያ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ሳይደርስ ትምህርቱን ተወ። ዛሬ ብየዳ ይሠራል። የወረታ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ሲሰበር፣ ሰልፉ መንገድ ድረስ ሲወጣ፣ ባለ ወፍጮው በሞተር ሳይክል የሚያስፈልገው እሱን ነው። ሲመጣ እጁ ይናፈቃል፤ ሲሄድ ስሙ ይነሣል።

ምኒልክ እንኳ በ1908 የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ ማለት ይቅር ተብሎ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። አዋጁን ታሪክ ክፍል ውስጥ ተምረን፣ ፈተና ላይ ጽፈን፣ መኝታ ክፍላችን ገብተን እርስ በርስ የምንሰዳደበው በዚያው ቃል ነው። ተራማጅ ነን የምንለውም ጭምር!

አሁን ወደ ኮሪያ እንሂድ። ለምን ኮሪያ? የ«ይታደስ» ወገን መሪ ሻይ ቤት ውስጥ ጠረጴዛውን እየመታ «ኮሪያዎችን ተመልከቱ! ቤተ መንግሥታቸውን እንዴት አድርገው እንዳቆሙት!» ስላለ ነው። ያየው በተከታታይ ፊልም ነው፤ ግድ የለም፣ እንመልከት። አያቶቻችንም አይተውታል፤ ከ1951 ጀምሮ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የደረሱበት አገር ከተማው ዐመድ ሆኖ ነበር። («ያኔ ከእኛ ያንሱ ነበር እኮ» የሚለውን የሻይ ቤት ትካዜ ግን ዛሬ አናነሣም፤ ሰልችቶናል።)

ሴኡል ውስጥ ያለው ትልቁ ቤተ መንግሥት ግዮንግቦክጉንግ ይባላል፤ ምላስ ያስራል፣ ታገሡን። የተሠራው በ1395 ነው። በ1592 የጃፓን ጦር አገሩን ሲወር ንጉሡ ከተማዋን ጥሎ ሸሸ፣ ቤተ መንግሥቱም ተቃጠለ። ማን አቃጠለው? ጃፓኖች ናቸው የሚሉ አሉ። የአገሩ የራሱ ዜና መዋዕል ግን ሕዝቡ መጀመሪያ የባሮች መዝገብ የሚቀመጥበትን መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎም ቤተ መንግሥቱን በእሳት ለቀቀው ይላል። ይህን ስናነብ ከመካከላችን ያልደነገጠ አልነበረም። የሰው ልጅ የባርነት ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ፈልጎ አቃጠለ!

ቤተ መንግሥቱ ከ270 ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ተቀመጠ። በ1860ዎቹ በልጅነቱ የነገሠው ንጉሥ አባት፣ ደዎንጉን የሚባለው፣ የዘውዱን ክብር እመልሳለሁ ብሎ እንደገና ሊያቆመው ተነሣ። ገንዘብ ከየት ይምጣ? አንደኛ፣ «በፈቃድ የሚሰጥ ገንዘብ» የሚል መዋጮ አወጣ። በቋንቋቸው «ፈቃድ»ና «ምሬት» በአንድ ድምፅ የሚነገሩ ቃላት ስላሏቸው፣ ሕዝቡ ቃሉን ሳይለውጥ ትርጉሙን ገለበጠውና «በምሬት የሚሰጥ ገንዘብ» አለው። (በፈቃደኝነት መዋጮ ከደመወዙ የተቆረጠበት አባት ያለው ተማሪ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) ሁለተኛ፣ በ1866 በላዩ መቶ ተብሎ የተጻፈ፣ በውስጡ ግን የመቶ ዋጋ መዳብ የሌለበት ሳንቲም አስመታ። ገበያው ተናጋ፤ የሩዝ ዋጋ ናረ። ገበሬው ለጉልበት ሥራ ተነዳ። በ1867 ቤተ መንግሥቱ ቆመ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ያሉት ግርማዊ ግቢ። ዛሬ ሰው የሚያደንቀው ቅርጽ ይኸው የመዋጮውና የክፉው ሳንቲም ልጅ ነው።

ዕድሜው አጭር ሆነ። ጃፓን በ1910 አገሩን ስትጠቀልል ብዙዎቹ ቤቶች ፈረሱ፣ ተሸጡ። በ1926 የቅኝ ገዢው መንግሥት ትልቅ የድንጋይ ጽሕፈት ቤት ሠርቶ ከዙፋኑ አዳራሽ ፊት ገተረው፤ ሕዝቡ ቀና ሲል የራሱን ቤተ መንግሥት እንዳያይ። ኮሪያዎች ነፃ ከወጡም በኋላ ያን ሕንፃ ሃምሳ ዓመት ተገለገሉበት፤ መጨረሻ ላይ ሙዚየምም ነበር። ማፍረስ የጀመሩት በ1995 ነው። ትልቁ በር ጓንግሁዋሙን ደግሞ በኮሪያ ጦርነት ተቃጠለ። በ1968 ወታደራዊው መንግሥት በኮንክሪት አሠራው፤ ከሩቅ ሲታይ እንጨት ይመስላል፣ ሲጠጉት ሲሚንቶ ነው። እሱንም ራሳቸው አፈረሱትና በ2010 እንደ ጥንቱ በእንጨት ሠሩት። ኦገስት 15፣ ለነፃነት በዓላቸው ተብሎ ተመረቀ። ሦስት ወር ሳይሞላው በበሩ ላይ የተሰቀለው የስም ሰሌዳ ተሰነጠቀ! ከዚያማ ጉድ ፈላ። እንጨቱ በደንብ አልደረቀም፣ ለምረቃ ቀን ተቻኮላችሁ ተባለ። ቀለሙም ነጭ ላይ ጥቁር ሳይሆን ጥቁር ላይ ወርቅ መሆን እንደ ነበረበት ከድሮ ፎቶግራፍ ተረጋገጠ። አሥራ ሦስት ዓመት ተከራክረው በ2023 ሰሌዳውን ለወጡት።

ጓደኛችን ጠረጴዛ የመታለት ኮሪያ ይኸው ነው። እሱ ያየው ምረቃውን ነው፤ ስንጥቁን አላየም። እኛ የምንቀናባቸው በግንቡ አይደለም፤ የራሳቸውን ስሕተት ለማፍረስ ባላቸው ድፍረትና በአንድ ሌላ ነገር ነው። በጥንቱ የኮሪያ ሥርዓት ቅደም ተከተሉ ምሁር፣ ገበሬ፣ የእጅ ባለሙያ፣ ነጋዴ ነበር፤ የእጅ ባለሙያ እዚያም ዝቅ ያለ ነበር። በ1982 ግን የአናጢዎች አለቃ ሙያ የአገር ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። ሕንፃው አይደለም፤ ሙያው፣ ከነተሸካሚው ሰው። በ2010 ይኸው ሙያ በዩኔስኮ መዝገብ ገባ። ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ ከነመጥረቢያው፣ ቅርስ ተባለ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደምንለው ከላይ ጽፈናል።

ስለ ሲሚንቶ ካነሣን አይቀር ወደ ራሳችን እንመለስ። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 የፋሲል ግቢን ለራሳቸው አስተዳደር ተጠቀሙበት፤ የፈረሰውንም በሲሚንቶና በብረት ጠጋገኑት። በጦርነቱ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት። በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲያና ወዲህ፣ ያንን የጣሊያን ሲሚንቶ በኖራ የመተካት ሥራ መሠራት ነበረበት። ለምን? ግርማ ስለሌለው አይደለም። ነገሩ የሙያ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ብንሆንም ጠይቀን የተረዳነውን እንንገራችሁ።

የኖራ ድንጋይ በምድጃ ቀንና ሌሊት ይቃጠላል። የተቃጠለው ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ይጮኻል፣ ይፈረካከሳል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይከርማል፤ በቆየ ቁጥር እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። በአሸዋ ተለውሶ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ሲገባ ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ለዓመታት። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ክረምት የጠጣውን እርጥበት በጋ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ግን ይደርቃል እንጂ አይተነፍስም። በአሮጌ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ውኃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ጨው ይተዋል፣ ድንጋዩን እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል። የፎገራን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በአንድ ወር ምረቃ ላይ የሚያምረው ግድግዳ በአሥር ክረምት የሚረግፈው ስለዚህ ነው። ታዲያ ዛሬ ኖራ አቃጥሎ፣ አክርሞ፣ ለውሶ መገንባት የሚችል ስንት ሰው አለ? ልጁን ይህን ሙያ ተማር የሚል አባትስ? ብሎኬት መደርደር ይሻለዋል፤ ቢያንስ ማንም ቡዳ አይለውም።

እንግዲህ ለ«ይታደስ» ወገኖች፦ ሕልማችሁን እናውቀዋለን። በ2019 የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ሆኖ ተከፈተ፤ በ2024 የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆነ፤ በቅርብ ዓመታት የፋሲል ግቢም ታድሷል። ሄደን አይተናል፣ ደስም ብሎናል፤ የተቆለፈ በር ለሕዝብ ሲከፈት የሚከፋው ተማሪ የለም። ነገር ግን 900 ሜትር አጥር ባለው የጎንደር ግቢ ውስጥ ስትዞሩ የሰማችሁትን ስም ቁጠሩ። ፋሲል፣ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብ። የአንድ ግንበኛ ስም? የአንዲት ሸክላ ሠሪ? አስጎብኚውን ጠይቁት፤ ጨዋ ከሆነ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ይላችኋል። መብራትና ትኬት ብቻ ይዛችሁ ወደ ጉዛራ ብትመጡ የምታድሱት ግንቡን ሳይሆን ዝምታውን ነው።

ለ«ይፍረስ» ወንድማችን፦ ቁጣህ የእኛም ቁጣ ነው። ጎርፉን አንተ በጽሑፍ ጠቀስከው፣ እኛ በርጩማ ላይ ቆመን አሳልፈነዋል። ሆኖም ሩዝ ወይስ ድንጋይ ብለህ ስትጠይቅ የሳትከው ነገር አለ። እስቲ የፎገራን ሩዝ አስብ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ከሰሜን ኮሪያ እንደ መጣ ይነገራል። ውኃ ተኝቶበት ጤፍ የሚያሳጣው ጥቁር አፈር በዚያ ዘር ሕይወት አገኘ፤ ዛሬ ወረታ ላይ የሩዝ ምርምር ማዕከል ቆሟል፤ መፈልፈያው ከመንገድ ዳር እስከ መንገድ ዳር ነው። ጅግና ምንድን ነው? በደርግ ዘመን ዘሩን ተቀብለው የዘሩት ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ስም ነው። ሳይንቲስቱም ነጋዴውም ዛሬ ያንን ስም ይጠራል። ዘሩ የሠራተኞቹን ስም ይዞ ቀረ። ግንቡ አልያዘም። ልዩነቱ ይህ ነው እንጂ አንዱ የሚበላ ሌላው የማይበላ መሆኑ አይደለም።

የሴኡል ሰዎችንም እንደ ምስክር አትጥራቸው። እነሱ ያቃጠሉት ስማቸው የተጻፈበትን መዝገብ ነው። የእኛ ሰው ስሙ የት ተጽፎ ነው የሚቃጠለው? ዜና መዋዕሉ የዘማቹን ንጉሥ ፈረስ ሳይቀር ሲያወድስ ድንጋይ ጠራቢውን አልፎታል። የቀረው መዝገብ ራሱ ድንጋዩ ነው፤ የመጥረቢያው ምት፣ ኖራ ላይ የቀረ የጣት አሻራ ካለ እሱ። ግንቡን ብታፈርሰው ንጉሡ አይጎዳም፣ እሱ በመጽሐፍ ተቀምጧል። የምታጠፋው ያንን ሌላውን ሰው ነው፤ ሠርፀ ድንግል የጀመረውን አንተ ትጨርስለታለህ።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ጉዛራን የሚጠግን ሁሉ በኖራ ይጠግን፤ ለምረቃ ቀን አይቸኩል። ጥገናው ሲጀመር የአካባቢው ወጣት፣ በተለይም የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ በቀን ሠራተኝነት ሳይሆን በተማሪነት ይቀጠር፤ ሙያውን ይዞ ይውጣ። ኮረብታው ግርጌ በሚቆመው ሰሌዳ ላይ ከንጉሡ ስም ቀጥሎ ግንበኞቹ እነማን ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ ምን ተብለው ይሰደቡ እንደ ነበር፣ የት እንደ ሄዱ ይጻፍ። ሰሌዳው ላይ ቦታ ከጠበበ የንጉሡን ማዕረጎች ቀንሱ፤ ብዙ ናቸው።

የኛን ድርሻ ደግሞ ጀምረናል። እንፍራዝና አዲስ ዘመን ዙሪያ ኖራ ሲቃጠል ያዩ፣ ድንጋይ የጠረቡ፣ ከቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻቸው ጋር ያደጉ አዛውንቶች አሁንም አሉ። የሙያውን ቃላት፣ የመሣሪያውን ስም፣ የሰዎቹን ስም እየጠየቅን በደብተር እንጽፋለን። መንገዱ ሰላም በሆነ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ወረታ መናኸሪያ እንገናኛለን። የትራንስፖርቱን ብር እናዋጣለን፤ ይኼኛው በእውነት በፈቃድ ነው። ያ ብየዳ ሠራተኛ ጓደኛችንም እመጣለሁ ብሏል። «ይፍረስ» ባዩም፣ «ይታደስ» ባዩም ይምጡ፤ መኪና ውስጥ ግን እሱ አጠገብ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ እናያለን።